በምጣዱ ካርቶን ውስጥ ያለው ፖስታ

ጤና ይስጥልኝ፤

ዓምድዎን ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ላይ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ገብቶ ሆቴሉ ሲዘጋ ከሥራ ወጣሁ። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ለቀዶ ሕክምናዋ ገንዘብ መላክ የሚችል ልጅ ከእኔ ሌላ የላትም። ባለቤቴ ታክሲ ይነዳ ስለነበር የእሱም ገቢ ቆሟል፤ ጭንቀት ልጨምርበት አልፈለግኩም። ሳልነግረው በክሬዲት ካርዴ አውጥቼ ላክኩ። እናቴ ዛሬ በምርኩዝም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ስማ ትመለሳለች። በዚህ አልጸጸትም።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ከእጄ ወጣ። ያ ካርድ ሲሞላ ሌላ አወጣሁ። በእሱ መኪና አሠራሁ፣ አስቤዛ ገዛሁ፣ አንዳንድ ወር ደግሞ የመጀመሪያውን ለመክፈል ከሁለተኛው አወጣሁ። የመጀመሪያው ካርድ 3,100 ዶላር ነው፤ መክፈል ካቆምኩ አራት ዓመት አልፎኛል። ሁለተኛው 8,300 ዶላር ነው፤ እሱን ካቆምኩ ዓመት ከመንፈቅ ይሆነዋል። አሁን አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ደመወዜ ወሩን አያደርሰኝም።

የሚደውሉልኝ ሰዎች ዕረፍት ነሱኝ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። ለቀጣሪዬ ደውለው ዕዳ እንዳለብኝ ለአለቃዬ ነግረዋታል። አንዲት ሴት «ካልከፈልሽ ሸሪፍ እንልክብሻለን፣ ያለሽን ንብረት ሁሉ እንወስዳለን» አለችኝ። አዲስ አበባ ያለው የእናቴ ቤት እንኳ ሳይቀር ትዝ አለኝ። የሚመጡትን ደብዳቤዎች ባለቤቴ እንዳያያቸው ምጣዱ የመጣበት ካርቶን ውስጥ እከታቸዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ አንድ ሰው በር አንኳኩቶ ስሜን ጠየቀኝና ፖስታ ሰጥቶኝ ሄደ። እሱንም ሳልከፍተው ካርቶኑ ውስጥ ጨመርኩት።

በሚቀጥለው ወር 6,000 ዶላር ዕቁብ ይደርሰኛል። እሱን እንዳለ ልስጣቸውና ልገላገል? ወይስ ስልኬን ልቀይር? የዜግነት ማመልከቻ ላስገባም ነበር፤ ይህ ዕዳ ያሰናክለኝ ይሆን? ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ባለቤቴ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። እንዴት ብዬ ልንገረው?

የጨነቃት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

*

ውድ እህቴ፣

ከአንቺ በፊት የደረሱኝ፣ ተራ የሚጠብቁ ደብዳቤዎች አሉ። ጸሐፊዎቻቸውን ይቅርታ እየጠየቅኩ ያንቺን አስቀደምኩ። ያስቸኮለኝ ከሌላው ጭንቀትሽ ጋር ቀላቅለሽ ያለፍሽው አንድ ነገር ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ በር አንኳኩቶ፣ ስምሽን አረጋግጦ፣ ፖስታ ሰጥቶሽ የሄደው ሰው።

ዕዳ ሰብሳቢ ይደውላል፣ በፖስታ ቤት በኩል ደብዳቤ ይልካል። ሰው ልኮ፣ ስም አስጠይቆ ወረቀት በእጅ ማስያዝ ግን ብዙውን ጊዜ የሚደረገው ለፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። በሜሪላንድ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት የተከሰሰ የግዛቲቱ ነዋሪ፣ መጥሪያው በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ክሱን እንደሚከላከል ማሳወቅ አለበት። ከቅዳሜ ወዲህ ስድስት ቀን ሄዷል። የቀረሽ ዘጠኝ ቀን ነው። ስለዚህ ንባብሽን እዚህ ላይ አቋርጪና ፖስታውን አምጪው። እጠብቅሻለሁ።

መጥሪያ ሆኖ ካገኘሽው ከሳሹ ማን እንደሆነ፣ ስንት ዶላር እንደጠየቀና የትኛውን ካርድ እንደሚመለከት ከወረቀቱ ታያለሽ። አብሮት ክሱን ለመከላከል ማሰብሽን የምታሳውቂበት ቅጽ አለ። ስምሽንና አድራሻሽን ሞልተሽ፣ የማትስማሚበትን ምክንያት ባጭሩ ጽፈሽ ፈርመሽ ታስገቢያለሽ። ለዚህ ክፍያ የለም። ብትችይ በመጥሪያው ላይ ወደተጻፈው ፍርድ ቤት ራስሽ ሄደሽ አስገቢና በአንቺ ቅጂ ላይ ማኅተም አስመቺበት። «ካርዱን አላውቀውም» ብለሽ መዋሸት አይጠበቅብሽም፤ አትዋሺም። «የገንዘቡን ልክና ዕዳው የከሳሹ መሆኑን በማስረጃ ያረጋግጥ» ማለት እውነት ነው፣ መብትሽም ነው።

ብዙ ወገኖቻችን የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። መጥሪያውን ሲያዩ «ዕዳው አለብኝ፣ ምን ብዬ እከራከራለሁ?» ብለው ይተዉታል። ዝም ያለ ሰው ላይ ደግሞ ከሳሹ ባቀረበው ወረቀት ብቻ ፍርድ ሊሰጥ ይችላል። የሜሪላንድ ፍርድ ለ12 ዓመት ይጸናል፤ ከዚያም ሊታደስ ይችላል። ፍርድ የያዘ ሰው የባንክ ሒሳብሽን ሊያሳግድ፣ ተቀናሾች ከወጡ በኋላ ከሚተርፈው ደመወዝሽም እስከ 25 በመቶ ሊያስቆርጥ ይችላል። አሁን ስልክ ላይ የሚጮኹብሽ ሰዎች ይህ ሥልጣን በእጃቸው የለም። የሚያገኙት አንቺ ያንን ፖስታ ሳትከፍቺው ስትቀሪ ነው።

ብቻሽን አትሂጂ። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ጠበቃ የሌላቸውን ሰዎች በነጻ የሚያማክሩበት የእገዛ ማዕከል አላቸው፤ በስልክም ይሠራል። ገቢሽ አነስተኛ ከሆነ ሜሪላንድ ሊጋል ኤይድ በነጻ ጠበቃ ሊያቆምልሽ ይችላል። ለችሎቱም የአማርኛ አስተርጓሚ አስቀድመሽ ብትጠይቂ ፍርድ ቤቱ በራሱ ወጪ ያቀርብልሻል። እንግሊዝኛሽ ለሥራ ይበቃ ይሆናል፤ ዳኛ ፊት ቆሞ ስለ ወለድና ስለ ውል መናገር ግን ሌላ ነው። የጎረቤት ልጅ ያስተርጉምልኝ አትበዪ።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ።

ድሮ በአገራችን ባለዕዳና ባለገንዘብ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። አብረው ይውላሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፤ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ። ቁራኛ ይባላል። ደብዳቤሽን ሳነብ ይህ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣም። ስልክሽ ቁራኛ ሆኖብሻል። አብሮሽ አውቶቡስ ይሳፈራል፣ አብሮሽ አረጋውያኑ ቤት ይገባል፣ ትራስሽ ሥር ያድራል። ሴትዮዋ «ሸሪፍ» ስትልሽ የታየሽ ካቴና ነው፤ ከእኛ ታሪክ ለመጣ ሰው ይህ መታየቱ አይደንቅም።

ሆኖም የሜሪላንድ ሕገ መንግሥት ማንም ሰው ስለ ዕዳ አይታሰርም ይላል። በክሬዲት ካርድ ዕዳ የሚታሰር ሰው የለም። ፍርድ ሳይሰጥ ሸሪፍ ሊመጣ የሚችለው ወረቀት ለማድረስ ነው፤ ሲያደርስም መታሰር ማለት አይደለም። አንድ ነገር ግን ልደብቅሽ አልፈልግም። ከፍርድ በኋላ ዳኛው «ቀርበሽ ስለ ገቢሽና ንብረትሽ መልስ ስጪ» ብሎ ትእዛዝ ሲሰጥ ደጋግሞ የቀረ ሰው ተይዞ እንዲቀርብ ሊታዘዝበት ይችላል። ያ ግን የሚሆነው የዳኛ ትእዛዝ ባለማክበር ነው። መድኃኒቱም ያው ነው፤ ፖስታ መክፈትና በቀጠሮ ቀን መገኘት።

የእናትሽ ቤት የእናትሽ ነው። ለአንቺ ካርድ ዋስ አልሆነችም፣ አልፈረመችም። የሚደውልልሽ ሰው እዚያ ቤት የሚደርስ እጅ የለውም። ይህን ጭንቀት ዛሬውኑ አውጥተሽ ጣዪው።

እነዚህ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ማወቅም ፍርሃት ይቀንሳል። የካርድ ባንክ ለ180 ቀን ያህል ሳይከፈለው ሲቀር ሒሳቡን ከመዝገቡ ላይ ኪሳራ ብሎ ያወጣዋል። ከዚያ ወይ ሰብሳቢ ይቀጥርለታል፣ ወይ ከሌሎች በሺዎች ከሚቆጠሩ ዕዳዎች ጋር አስሮ ይሸጠዋል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት ዕዳ ገዢዎች ለአንድ ዶላር ዕዳ በአማካይ 4 ሳንቲም ያህል እንደሚከፍሉ አግኝቷል። እንዲህ በጅምላ ሲሸጥ አንዳንዴ የውሉ ቅጂ፣ አንዳንዴ የክፍያው ታሪክ አብሮ አይተላለፍም። ለዚህ ነው «አረጋግጡልኝ» የሚለው ቃል ጉልበት ያለው።

እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ያለው የፌዴራል የዕዳ አሰባሰብ ሕግ ሰብሳቢዎችን ልጓም ያበጀላቸዋል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ መደወል አይችሉም። ቀጣሪሽ እንደማይፈቅድ ከነገርሻቸው ሥራ ቦታሽ መደወል አይችሉም። አድራሻሽን ለማፈላለግ ሌላ ሰው ቢያነጋግሩ እንኳ ዕዳ እንዳለብሽ መናገር ክልክል ነው። ስለዚህ ለአለቃሽ መንገራቸው ነውሩ የእነሱ ነው፤ አንቺ በአለቃሽ ፊት አንገትሽን የምትደፊበት ምክንያት የለም። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2021 ወዲህ በሥራ ላይ ባለው ደንብ ደግሞ ስለ አንድ ዕዳ በሰባት ቀን ውስጥ ከሰባት ጊዜ በላይ መደወል እንደ ማዋከብ ይቆጠራል። ያለ ሥልጣኑ በእስር የሚያስፈራራ ሰብሳቢ ሕግ ጥሷል። ጥሰቱ ከተፈጸመ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሰሽ እስከ 1,000 ዶላር የሚደርስ ካሳና የጠበቃ ወጪ ልታገኚ ትችያለሽ። ለሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍልም ማመልከት ትችያለሽ።

ስልክ ቁጥርሽን አትቀይሪ። ብትቀይሪው እናትሽም፣ የልጆችሽ ትምህርት ቤትም ሊያጡሽ ይችላሉ፤ ዕዳ ሰብሳቢዎቹ ግን አዲሱን ያገኙታል። ይልቅስ የልጆችሽን አንድ የተራረፈ ደብተር ውሰጂ። በተደወለ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የደዋዩን ስምና የድርጅቱን ስም፣ ያለሽንም ቃል በቃል ጻፊ። ንግግሩን በስልክሽ ልቅዳው ብለሽ ታስቢ ይሆናል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ሌላው ሰው ሳይስማማ የስልክ ንግግር መቅዳት ሕግ ስለሚከለክል ተዪው፣ ደብተሩ ይበቃሻል። ለደዋዩ የምትመልሽው ይህን ብቻ ይሁን፦ «በስልክ ስለ ዕዳ አልነጋገርም። የሚባለውን ሁሉ በጽሑፍ ላኩልኝ።» ዝጊው። መጨቃጨቅ፣ ማልቀስ፣ ኑሮሽን ማስረዳት አያስፈልግም። እናትሽ ስለ መታመሟ ለዚያች ሴት የነገርሻት ይመስለኛል፤ ተሳስቻለሁ? ከእንግዲህ አትንገሪያት። ደግ ልብ ካላት ራሷ ታዝናለች፣ ከሌላት ደግሞ ታሪክሽን መያዣ ታደርገዋለች።

ካርቶኑ ውስጥ ካሉት ደብዳቤዎች መካከል የዕዳውን መጠንና የመጀመሪያውን አበዳሪ ስም የሚገልጽ ማሳወቂያ ሳይኖር አይቀርም። ማሳወቂያው ከደረሰሽ 30 ቀን ካላለፈ፣ በጽሑፍ ብትቃወሚ ማረጋገጫ እስኪልኩልሽ ድረስ መሰብሰባቸውን ማቆም አለባቸው። ደብዳቤሽን የመድረሻ ማረጋገጫ ባለው አደራ ፖስታ ላኪው፣ ቅጂውንም ያዢ። «ከእንግዲህ አታነጋግሩኝ» ብለሽ ብትጽፊም ይታዘዛሉ፤ ግን መደወል ማቆም ከመክሰስ አያግዳቸውም።

የአራት ዓመቱን ካርድ በተለየ ዓይን ልታዪው ይገባል። በሜሪላንድ እንዲህ ያለ ዕዳ በአጠቃላይ በሦስት ዓመት ይርጋ፣ ማለትም ሕግ ለመክሰስ በወሰነው የጊዜ ገደብ፣ ይታገዳል። ሦስት ዓመቱ አልፎ ከሆነ ሰብሳቢ በፍርድ ቤት ሊከስሽ ወይም እከስሻለሁ ብሎ ሊያስፈራራሽ አይገባውም። ከከሰሰሽ ደግሞ «ይርጋው አልፏል» ብለሽ መቃወም ያለብሽ አንቺ ነሽ። ዝም ካልሽ ሊፈረድብሽ ይችላል። ዘመድ ወዳጅ በሌላ ግዛት ካለሽ ግን ይህን እንዳለ አትንገሪያቸው፤ ጊዜው ከግዛት ግዛት ይለያያል፣ አንዳንድ ቦታም ትንሽ ገንዘብ መክፈል ወይም ዕዳውን አምኖ መፈረም ያለፈውን ይርጋ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። የመጨረሻ ክፍያሽን ቀን ከድሮ የባንክ መግለጫሽ አጣሪ። ከሦስቱ የክሬዲት መዝጋቢ ድርጅቶች፣ ከኢኩፋክስ፣ ከኤክስፔሪያንና ከትራንስዩኒየን፣ ሪፖርትሽን በነጻ ማውጣት ትችያለሽ። ያልተከፈለ ዕዳ እዚያ ሪፖርት ላይ የሚቆየው ሰባት ዓመት ነው።

እዚህ ላይ ስትደርሺ ልብሽ ምን እንደሚልሽ እገምታለሁ። «የበላሁትን ገንዘብ በይርጋ ልካድ?» እኛ ብድር በምድር እየተባለልን ያደግን ነን። ይህን ስሜትሽን አልነቅፈውም፤ እንዲያውም አከብረዋለሁ። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ሕጉ ጊዜ የወሰነው ማስረጃ ስለሚጠፋና ሰው ዕድሜ ልኩን እየተሳደደ እንዳይኖር ነው፤ በዚህ መብት መጠቀም ሌብነት አይደለም። ያበደረሽ ባንክ ሒሳቡን ዘግቶ ሸጦት ከሆነም፣ ዛሬ 3,100 ዶላር የሚጠይቅሽ ለእናትሽ ሕክምና ገንዘብ የሰጠሽ ባንክ አይደለም። ኅሊናሽ ክፈዪ ካለሽ ክፈዪ። ግን ልጆችሽ ጠግበው፣ ኪራዩ ተከፍሎ፣ ከባለቤትሽ ጋር ተመካክረሽ ይሁን። ከሴትዮዋ ጩኸት ለመሸሽ ግን አትክፈዪ።

ስለ ዕቁቡ እለምንሻለሁ፤ እንዳለ አትስጪ።

አንድ የማውቃቸው ታክሲ ነጂ አባት ነበሩ። እንዳንቺው መረራቸውና በስልክ «እሺ፣ በየወሩ 100 ዶላር ውሰዱ» ብለው የባንክ ሒሳብ ቁጥራቸውን ሰጡ። በሁለተኛው ወር ከሒሳባቸው የወጣው የቤት ኪራያቸው ነበር። «ስሕተት ነው፣ እናጣራለን» ተባሉ። የስምምነቱ ወረቀት ስላልነበራቸው ማንን ምን ብለው ይጠይቁ? ኪራዩን በልመና አራዝመው ያን ወር ሌሊትም ቀንም ነዱ።

የ6,000 ዶላር ዕቁብ በእጅሽ መኖሩ ግን ጉልበት ነው። ሁለተኛው ዕዳ፣ የ8,300ው፣ ይርጋ አላለፈበትም፤ እሱ መፍትሔ ይፈልጋል። ሰብሳቢዎች ለተከታታይ ዓመታት ከመጠበቅ ይልቅ ባንድ ጊዜ የሚከፈል ያነሰ ገንዘብ ተቀብለው መዝጋት ብዙ ጊዜ ይመርጣሉ። ክስ ተጀምሮ ከሆነም ከችሎቱ በፊት መስማማት ይቻላል። ከዝቅተኛው ጀምሪ፣ እውነተኛ አቅምሽን አስበሽ። የዕቁቡ ገንዘብ በሙሉ ለዚህ ሊውል አይገባም፤ ምን ያህሉ ለቤታችሁ መጠባበቂያ መቅረት እንዳለበት ከባለቤትሽ ጋር ወስኑ። ዕቁብተኞቹም ገና የምትጥዪላቸው ካለ፣ እሱ በስምሽና በእምነት የተያዘ ነውና ይቀድማል። ከተስማማችሁ የሚከፈለው መጠንና ቀሪው መሰረዙ በጽሑፍ ሳይደርስሽ አንድ ዶላር አትላኪ። ስትከፍዪም በባንክ በተመሰከረ ቼክ ይሁን እንጂ ከሒሳብሽ ራሳቸው እንዲስቡ አትፍቀጂ። የተሰረዘልሽ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ ገቢ ተቆጥሮ የግብር ቅጽ ሊመጣልሽ ይችላል፤ ያኔ ግብር ለሚሠራልሽ ሰው አሳዪው፣ ዕዳው ከንብረቱ ለሚበልጥ ሰው ነጻ የሚያደርግ መንገድ አለና።

ባንድ ጊዜ መዝጋት የማይመችሽ ከሆነ ለትርፍ ያልቆሙ የክሬዲት አማካሪዎች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የሚሠራው የአሜሪካ ብሔራዊ የክሬዲት ምክር ፋውንዴሽን አባላት ከሆኑት አንዱን ፈልጊ። ወለዱ ተቀንሶ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚከፈል ዕቅድ ያወጡልሻል። በራዲዮና በስልክ «ዕዳሽን በግማሽ እናስቀንሳለን» እያሉ ቅድሚያ ክፍያ ከሚጠይቁት ግን ራቂ፤ በስልክ አገልግሎት ሸጦ ውጤት ሳያስገኝ ገንዘብ መቀበል በፌዴራል ደንብ የተከለከለ ነው። በስጦታ ካርድ ክፈዪ የሚልሽ ደግሞ ዕዳ ሰብሳቢ ሳይሆን አጭበርባሪ ነው። ሁለቱም መንገድ ካልሠራ ኪሳራ ማወጅ የሚባለውን ከጠበቃ ጋር ማየት ይቻላል። በ11,400 ዶላር እዚያ የምትደርሺ ግን አይመስለኝም።

ዜግነቱን በተመለከተ ባጭሩ፦ ማመልከቻው ስለ ግብር ዕዳ ይጠይቃል፤ በክሬዲት ካርድ ስላለብሽ ዕዳ አይጠይቅም። ያልከፈልሽው ካርድ አያስባርርሽም፣ መኖሪያ ፈቃድሽንም አይነጥቅሽም። ግብርሽን በትክክል አስገብተሽ ከሆነ ማመልከቻሽን በዚህ ምክንያት አታዘግዪ። ደመወዝ ቢቆረጥብሽ እንኳ ቀጣሪሽ ስለ አንድ ዕዳ መቆረጥ ብሎ እንዳያባርርሽ ሕግ ይከለክለዋል።

አሁን የቀረው ባለቤትሽ ነው። ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም።

«ክፉ ሰው አይደለም» ብለሽ ጽፈሻል። ይህን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። እንግዲያው የምትፈሪው ምኑን ነው? ቁጣውን? ወይስ ፊቱ ላይ የሚታየውን ሐዘን፣ «አራት አምስት ዓመት ሙሉ ብቻሽን?» የሚለውን? ብዙ ሴቶች ከስድብ ይልቅ ይህን ሲፈሩ አይቻለሁ። አንቺ የደበቅሽው ሊያዝንብሽ ከሚችል ሰው ነው። ገንዘቡን ለቅንጦት አላዋልሽም። እሱ ሥራ ፈትቶ ቤት በዋለበት ወራት ሸክም ላለመጨመር ብለሽ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ግን መደበቅሽ ሊያስከፋው እንደሚችል ተቀበዪ። ከተከፋ ጊዜ ስጪው፤ በዚያው ምሽት ይቅር እንዲልሽ አትጠብቂ።

ሌላ ሰው ከሚነግረው ደግሞ አንቺ ብትነግሪው ይሻላል። ስለ ዕዳው ለሌላ ሰው መናገር የሚከለክለው ሕግ የትዳር ጓደኛን አይጨምርም፤ ነገ ደውለው ለእሱ ሊነግሩት ይችላሉ። ካርዱን አብሮሽ ካልፈረመ ዕዳው የእሱ እንዳልሆነም ንገሪው፤ ይህን ሲሰማ አንድ ፍርሃት ይቀንስለታል።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ንገሪው። ሊመሽ ሲል፣ ሥራ ሊገባ ጃኬቱን እየለበሰ ሳለ አይሁን። ቡና የምታፈዪ ከሆነ አፍዪ፤ እጅሽ ሥራ ሲይዝ አፍሽ ይፈታል። ከየት እንደምትጀምሪ ከጠፋብሽ እንዲህ ብትዪውስ? «እማዬ የታመመች ጊዜ ገንዘቡን ከየት እንዳመጣሁ አልነገርኩህም። አንተም ተጨንቀህ ስለነበር ነው። አሁን ብቻዬን ልሸከመው አልቻልኩም።» ከዚያ ቁጥሩን ንገሪው፣ ሁለቱንም ካርድ፣ ሳታሳንሺ። ከቁጥሩ ላይ አንድ ሺሕ ቀንሰሽ ብትነግሪው በሌላ ቀን ያችው አንድ ሺሕ ከሁሉም የምትከብድ ትሆናለች። ለጊዜው የእሱን ገንዘብ አትጠይቂው። አብሮሽ እንዲቀመጥ ብቻ ጠይቂው።

ተሳስቼ ቢሆን፣ ማለትም ቤት ውስጥ ሲቆጣ እጁ የሚነሣ ወይም የምትሰጊለት ነገር ካለ፣ ይህን ምክሬን ተዪውና መጀመሪያ ለእኔ ወይም ለምታምኛት ሴት ንገሪ። ከደብዳቤሽ ግን እንደዚያ አልመሰለኝም።

ከዚያ ካርቶኑን አምጥታችሁ ደብዳቤዎቹን ምንጣፉ ላይ በየድርጅቱ ለይታችሁ ደርድሯቸው፤ አዲሱን ከላይ፣ የድሮውን ከሥር። እሱ ያንብብ፣ አንቺ ደብተሩ ላይ ጻፊ። ብዙዎቹ አንድን ዕዳ የሚደጋግሙ ሆነው ታገኛላችሁ። የቅዳሜውን ፖስታ መጀመሪያ ጻፊው፤ የጉዳዩን ቁጥር፣ የፍርድ ቤቱን አድራሻ፣ የደረሰሽን ቀን። ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ስትሄዱ ያንን ገጽ ይዛችሁ ሂዱ። ማታ ደግሞ ምን እንዳሏችሁ ጻፊልኝ።